የጋሽ ቆጣሪ ሰባት

በጀቱ ለስድስተኛ ጊዜ ተጽፎ ሲመጣ፣ ታላቅ እህቱ ወረቀቱን ተቀብላ፣ መነጽሯን ከግንባሯ ወደ አፍንጫዋ አውርዳ፣ ከላይ እስከ ታች ተመለከተችውና፣

«አንተ፣ ይሄ በጀት ነው ወይስ ኑዛዜ?» አለችው።

«በጀት ነው፣ እታለም።»

«ኑዛዜ እንኳ አንዴ ተጽፎ ይበቃዋል።»

ወረቀቱን መለሰችለትና ወደሚጮኸው ስልኳ ዞረች። እሱም ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ቅር እንዳለው ማንም አላወቀበትም፤ ደስ እንዳለው ግን ራሱም ያወቀው ዘግይቶ ነው። በጀቱ አልጸደቀም ማለት ነገም ከሰዓት ጋሽ ቆጣሪ ጋ ይቀመጣል ማለት ነበር።

ጂሙ የእህቱ ነው። ምድር ቤቱ ቀለም መሸጫ የሆነ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው እስኪጋመስ ቀለም ይሸታል፣ ከዚያ ወዲያ ላብና ጎማ። በአንድ በኩል የሩጫ ማሽኖችና ክብደቶች ተደርድረዋል፤ በሌላው በኩል ሦስቱ ግድግዳ መስታወት የሆነ አዳራሽ አለ። ማሽኖቹ አርጅተዋል። አንደኛው ሲሮጡበት እንደ በር ይንጫጫል፣ ሌላኛው በራሱ ጊዜ ይቆማል። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ መስኮቱ ከወለል እስከ ጣሪያ የሆነ አዲስ ጂም ተከፍቶ፣ ወጣቱን አንድ ባንድ ጠራርጎ ወስዷል። እህቱ እስካሁን በሯን ያልዘጋችው በማሽኖቹ አይደለም፤ ጠዋት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አዳራሹ ውስጥ በሚቆሙት ሰውዬ ነው።

ሰውየው ጋሽ ቆጣሪ ይባላሉ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያለ ሙዚቃ፣ በድምፃቸው ብቻ እየቆጠሩ አሠርተዋል። ሃያ ሦስት የጠዋት ደንበኞች አሏቸው፤ አብዛኞቹ ሃምሳን የዘለሉ፣ ጉልበታቸው የሚንቋቋ፣ ዶክተር ተንቀሳቀሱ ብሎ የላካቸው። ቁጭ ብድግ ሲያሠሩ እስከ ስምንት ይቆጥራሉ፤ እስከ ስድስት ድረስ ቆጠራቸው እንደ ግድግዳ ሰዓት ነው። ሰባት ላይ ግን ይቆማሉ። «ሰባት…» ይሉና ዓይናቸው ከሰው ሰው ይዞራል። የኋላው ረድፍ ጥግ ላይ ያለችው ጡረተኛዋ ታይፒስት ቀስ ብላ፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ቀና እስክትል ይጠብቃሉ። እሷ ስትቆም ብቻ «ስምንት» ይላሉ። ሰባታቸው አንዳንድ ቀን ሁለት ሰከንድ ነው፤ ዝናብ በጣለና መገጣጠሚያ በተያዘ ቀን አሥር ሰከንድ ይሆናል። ደንበኞቹ ይቀልዱበታል። አንዱ ባንክ ቤት ወረፋ ሲረዝምበት፣ «ይሄ የጋሽ ቆጣሪ ሰባት ነው» ይላል።

አሁን ግን የጋሽ ቆጣሪ የራሳቸው ጉልበት እምቢ አለ። ሌላ ከተማ የምትኖረው ልጃቸው አንድ ክፍል አዘጋጅታ፣ ከሐኪም ቀጠሮ አስይዛ፣ በወሩ መጨረሻ መጥታ ልትወስዳቸው ቀን ቆርጣለች። እህቱ ይህን የሰማች ዕለት ቢሮዋ ገብታ በሩን ዘጋች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ አንድ ሐሳብ ግን ይዛ ወጣች። ጋሽ ቆጣሪ ከመሄዳቸው በፊት አሥራ ሁለቱም ትምህርቶቻቸው በቪዲዮ ይቀረጹ። አዳራሹ ውስጥ በትልቅ ስክሪን ይታያል፤ ደረጃ መውጣት ያቃታቸውም ከቤታቸው ገዝተው ይሠሩበታል። አንድ የስፖርት ልብስ አስመጪ ግማሹን ወጪ እሸፍናለሁ አለ፤ በደንብ የተጻፈ በጀት ከቀረበለት። ለዚህ ደግሞ ታናሽ ወንድሟ አለላት፤ ለዚሁ የተማረ፣ ለዚሁ ባሕር ማዶ አሥራ አምስት ዓመት የከረመ።

ሃያ ስምንት ቀን ነበራቸው።

ወንድሟን የጂሙ ሰዎች ፕሮፌሽናሉ ይሉታል። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ «በፕሮፌሽናል ደረጃ» የሚለውን ቃል አራት ጊዜ ስላለው ነው፤ ታይፒስቷ ቆጥራበታለች። ከተመለሰ ስምንት ወሩ ነው። ለምን እንደተመለሰ የሚጠይቀው ሰው ሁሉ የተለያየ መልስ ያገኛል። ለእህቱ ባል ሥራ ልጀምር ብዬ ነው አለው። ለቤት አከራዩ ናፍቆት ነው አላቸው። ለጥርስ ሐኪሙ አፉን ከፍቶ ስለነበር ምንም አላለውም፤ ምናልባት ለእውነቱ የቀረበው እሱ ነው። የድሮ ጓደኞቹን ፈልጓል። ሁለቱ አገር ለቀዋል፣ አንዱ ስልክ ቀይሯል፤ አንዱ ተገኝቶ ሻይ ተጋበዙ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጓደኛው ሰዓቱን ሦስት ጊዜ አየ። የሚኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ስልኩ ሲጮህ ወይ እህቱ ናት፣ ወይ ሎተሪ ዕጣ ደርሶዎታል የሚል የማስታወቂያ ድምፅ። አንድ ጊዜ ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው አዳምጦታል።

ውጭ አገር ሳለ ሥራው ይኸው ነበር፤ ለጂሞች ቪዲዮ የሚሠራ ድርጅት ውስጥ በጀት መጻፍ። ምን ያህል መብራት፣ ስንት ካሜራ፣ ስንት ቀን። እዚያም ብቻውን ነበር የሚኖረው፤ ጠዋት ጠዋት ላፕቶፑን ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ ራሱ በጀቱን የጻፈለትን ቪዲዮ ከፍቶ ይሠራ ነበር። አሠልጣኟ ጥርሷ ሁሉ እየታየ፣ «በርታ፣ በጣም ጎበዝ ነህ» ትለዋለች። እሱ ደግሞ አንዳንዴ ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ የጫማ ማሰሪያውን እያሰረ ነው። ፈገግታዋ የመጣው በአራተኛው ቀረጻ እንደሆነም ያውቃል፤ ተጨማሪውን ሰዓት በበጀቱ ላይ የሞላው እሱ ነበር። ደግሞም ዓይኗ በትክክል እሱን አያይም። ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ የምታነበው ጽሑፍ ያለው እዚያ ስለነበር። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ፣ ከጆሮው አጠገብ ላለ ለሌላ ሰው ስታወራ ኖረች።

የጋሽ ቆጣሪ ቪዲዮ እንዲህ እንዳይሆን ፈለገ። ፍላጎቱ ይህ ብቻ ነበር፤ ለማንም ግን አልተናገረውም።

ከሰዓት በኋላ፣ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት፣ ጂሙ ጭር ይላል። በዚያ ሰዓት ሁለቱ አዳራሹ ውስጥ ባለው ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ጋሽ ቆጣሪ ቀኝ እግራቸውን ዘርግተው ጉልበታቸው ላይ በረዶ በፎጣ ጠቅልለው ይይዛሉ። እሱ በጀቱን መስመር በመስመር ያነብላቸዋል። በመጀመሪያው ቀን እንዲያውቁት ያህል ብሎ ነበር የጀመረው።

«ካሜራ፣ ሁለት» አለ።

«ለምን ሁለት? እኔ አንድ ነኝ።»

«አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከጎን ነው፣ ጋሼ። ጉልበት ሲታጠፍ ከጎን ካልታየ ሰው ተሳስቶ ይጎዳል።»

«እሺ፣ ይሄ ያስኬዳል። ቀጥል።»

«ቲሸርት፣ አምስት። አንድ ዓይነት።»

«ልትድረኝ ነው እንዴ፣ ከነሚዜዎቼ?»

«ላብ ነው። አንዱ ትምህርት ላይ ደረቅ፣ ቀጥሎ እርጥብ ከሆነ ተመልካቹ ግራ ይገባዋል።»

«ተመልካቹ ራሱ አያልበውም እንዴ?» አሉና በረዶውን ገለበጡ። «ቀጥል።»

«ጥቁር ጨርቅ፣ ስልሳ ሜትር። መስታወቶቹን ለመሸፈን።»

ጋሽ ቆጣሪ ዞረው ሦስቱን ግድግዳ አዩ። ሦስት ጋሽ ቆጣሪዎች መልሰው አዩዋቸው።

«ይሄ ለቀብር ይመስላል።»

«መስታወቱ ካሜራውንም ካሜራ ያዡንም ያሳያል። ቪዲዮው ውስጥ ከእርስዎ በቀር ሰው መታየት የለበትም።»

«ለምን?»

ለዚህ መልስ ነበረው፤ ከትምህርት ቤት የመጣ፣ ረጅም መልስ። ሲናገረው ግን እየቀጠነበት ሄደ። ሰውየው ጆሯቸውን ሰጥተው እስከ መጨረሻው ሰሙት። እንዲህ የሰማው ሰው ከተመለሰ ወዲህ አላገኘም ነበር። እህቱ እንኳ ስትሰማው በአንድ እጇ ስልክ ይዛ፣ በሌላው ፎጣ እየቆጠረች ነው።

«መጠባበቂያ፣ አሥር በመቶ» አለ በመጨረሻ።

«እሱ ደግሞ ምንድነው?»

«ያልታሰበ ነገር ቢመጣ ተብሎ የሚያዝ ነው።»

ጋሽ ቆጣሪ ሳቁ፤ ሳቃቸው ከሆድ ነው። «የኔ ልጅ፣ ያልታሰበው ነገር አሥር በመቶ ብቻ ነው? አንተ መቼም የታደልክ ነህ።»

በማግስቱም ተቀመጡ። እሱ ሌሊቱን አስቦ ሁለት መስመር ጨምሮ ነበር፤ የንግግሩ ጽሑፍ በሥር እንዲነበብና የአየር ማራገቢያው ድምፅ እንዳይገባ በሚቀረጽበት ሰዓት ሌላ ማቀዝቀዣ እንዲመጣ። ጋሽ ቆጣሪ ጠየቁ፣ እሱ አስረዳ፣ አንዱ ቀረ፣ አንዱ ቆየ። በሦስተኛው ቀን የሙዚቃ ፈቃድ የሚል መስመር ተሰረዘ።

«እኔ ቁጥር ነው የምጠራው» አሉ። «ቁጥር ደግሞ የማንም አይደለም። ነው ወይስ ባለቤት አለው?»

«የለውም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው አንድ ነገር ነፃ አገኘን። ለእህትህ ንገራት፣ ደስ ይበላት።»

ሳምንት እንዲህ አለፈ። በጀቱ ሦስተኛ ጊዜ ተጻፈ፣ አራተኛ ጊዜ ተጻፈ። ደረጃውን ሲወጣ፣ የቀለሙ ሽታ በላብ ሽታ የሚተካባት ቦታ ላይ ሲደርስ፣ እርምጃው ይፈጥን ጀመር።

በአሥረኛው ቀን ሙከራ እናድርግ አለ። በቀን ስንት ትምህርት መቅረጽ እንደሚቻል ሳይለካ የቀኑን ብዛት መሙላት አልቻለም። እሑድ ነበር፣ ጂሙ ዝግ ነው። የራሱን ካሜራ በሦስት እግሩ አዳራሹ መሐል አቆመ፣ የማይኩን ሽቦ በጋሽ ቆጣሪ ሸሚዝ ሥር አሳለፈ፣ ወለሉ ላይ በፕላስተር የሚቆሙበትን ምልክት አደረገ።

«ሌንሱን ይዩ፣ ጋሼ። ልክ ሰው እንደሚያዩ።»

ጋሽ ቆጣሪ ቆሙ። ደረታቸውን ነፉ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት…» አሉ። ዓይናቸው ባዶው አዳራሽ ውስጥ ዞረ፣ ተመለሰ። «ስድስት» አሉ።

«ሰባት ብለዋል።»

«ብያለሁ?»

እንደገና ጀመሩ። በሁለተኛው ሰባትን ዘለሉት። በሦስተኛው ስምንት ሲደርሱ አላቆሙም፤ ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥራ አንድ እያሉ ሄዱ፤ የሚያቆማቸው ያጡ ይመስል ነበር። አሥራ አራት ላይ እጃቸውን ጣሉና ወደ አግዳሚው ሄደው ተቀመጡ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ቆጠራ ጠፍቶባቸው አያውቅም ነበር። ፊታቸው ያፈረ ልጅ ፊት መሰለ።

«ማንን ልይ?» አሉ።

«ሌንሱን።»

«ሌንሱ አይደክመውም እኮ፣ የኔ ልጅ። እኔ የምቆጥረው በደከመው ሰው ነው።»

 ያቺ ወደ ግራ የምታይ አሠልጣኝ ትዝ አለችው። የሚያደርገውን ግን አላወቀም፤ ያውቅ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ክፍሉ ሄዶ በጀቱ ላይ መስመር መጨመር። የሚደክሙ ሰዎች ያስፈልጋሉ ማለት ነው። ስምንት ሰው፣ ለሦስት ቀን። ምሳቸው፣ መጓጓዣቸው፣ አንድ ዓይነት ልብሳቸው፣ ምስላቸው እንዲወጣ የሚፈርሙበት ወረቀት፣ አንዳቸው ቢወድቁ የመድን ዋስትና። ተጨማሪ ካሜራ ለነሱ። በጀቱ አምስተኛ ጊዜ ሲጻፍ አስመጪው ከወሰነው የገንዘብ ጣሪያ በላይ ወጣ። ስድስተኛው ላይ ሰዎቹ ወደ አራት ወረዱ። እህቱ ኑዛዜ ያለችው ይህንኑ ነው።

«ደንበኞቹ በነፃ ይመጣሉ እኮ» አለችው በሌላ ቀን፣ ቢሮዋ በር ላይ ቆማ። «ታይፒስቷ ጸጉሯን ልትሠራ ቀጠሮ ይዛለች። ዛሬ ጻፈው፣ ነገ ልላከው። አሥር ቀን ቀርቶናል።»

«በነፃ የሚሠራ ሰው ሁለተኛው ቀን ላይ አይመጣም፣ እታለም። በፕሮፌሽናል ደረጃ…»

«ተው እሱን። የምትፈራው ምኑን ነው?»

«ጥራቱን።»

እህቱ አየችው። ትንሽ ልጅ ሳለ ትኩሳት ሲይዘው ግንባሩን ሳትነካ በዓይኗ ነበር የምትለካው፤ እንዲያ ነው ያየችው። «እሺ» አለች። «ጥራቱን።»

ሰባተኛውን በጀት ሲጽፍ ነው ነገሩን የደረሰበት። ጠረጴዛው ላይ የቀደሙት ስድስቱ ተደርድረው ነበር። ተጨማሪ ማቀዝቀዣ የሚለውን መስመር ጻፈ፤ ከጻፈው በኋላ በሁለተኛው በጀት ላይ የተሰረዘ መሆኑን አየ። በአራተኛው ላይ መልሶታል። በአምስተኛው ላይ እንደገና ተሰርዟል። በሁለቱም ጊዜ ጋሽ ቆጣሪ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቀውት፣ እሱም አንድ ዓይነት መልስ ሰጥቷቸው ነበር። ሰውየው ረስተውት እንዳልሆነ አሁን ገባው። እያወቁ ነበር የሚጠይቁት። እሱም እያወቀ ይሆን የሚመልሰው?

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። በጀቱ ካለቀ ቀረጻው ይጀመራል፤ ቀረጻው ካለቀ ሰውየው ይሄዳሉ። ባያልቅም ይሄዳሉ። ይህን ያህል ቀላል ሒሳብ ለአንድ ባለሙያ እንዴት ሳይታየው ቀረ? መስኮቱ ሥር መኪኖች ያልፋሉ፤ ከላይኛው ፎቅ ወንበር ሲጎተት ይሰማል። እሱ ግን ሁለት ሳምንት ከምናምን ጊዜ በልቷል። ደንግጦ የተሰረዘውን ሁሉ አወጣ፣ አራቱን ሰዎች በነፃ አደረገ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጨርሶ ለእህቱ ላከው። ያን ዕለት ከሰዓት ወደ አግዳሚው አልሄደም፤ አፍሮ።

አስመጪው በሦስተኛው ቀን መለሰ። በጀቱን በጣም ወዶታል። እንዲህ ጥንቅቅ ያለ በጀት አይቶ አያውቅም። ገንዘቡ የሚለቀቀው ግን የሩብ ዓመቱ ሒሳብ ሲዘጋ፣ በሚቀጥለው ወር ነው፤ ከሁለት ሳምንት በፊት ደርሶት ቢሆን ኖሮ ዛሬውኑ ይለቀቅ ነበር። በዚያው ቀን የጋሽ ቆጣሪ ልጅ ደወለች። የሐኪሙ ቀጠሮ ከታሰበው ቀን ስለቀደመ፣ በወሩ መጨረሻ መሆኑ ቀርቶ ከነገ ወዲያ ማለዳ መጥታ ትወስዳቸዋለች።

እህቱ አልጮኸችበትም። ብትጮኽበት ይሻለው ነበር። ወንበሯ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈችና፣ «በቃ፣ እንግዲህ» አለች። «ሰባት በጀት አለን። ግድግዳ ላይ እንሰቅለዋለን።»

በማግስቱ ጠዋት ሃያ ሦስቱ ደንበኞች ጋሽ ቆጣሪን ሲሰናበቱ እሱ ደረጃው ላይ ቆሞ ነበር። ታይፒስቷ ጸጉሯን ተሠርታ መጥታለች፤ ለቪዲዮው የያዘችውን ቀጠሮ አልሰረዘችውም ነበር። እየወረደች አጠገቡ ስትደርስ፣ «አይዞህ፣ ፕሮፌሽናሉ» ብላው አለፈች። ስድብ ቢሆን ይቀለው ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ አዳራሹ ሲገባ ጋሽ ቆጣሪ አግዳሚው ላይ ነበሩ፤ ያለ በረዶ። ካሜራውንና ሦስት እግሩን ይዟል።

«ጠፋህ» አሉት።

«አጥፍቻለሁ፣ ጋሼ። እኔ ነኝ ያዘገየሁት።»

«አውቃለሁ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

ጋሽ ቆጣሪ ጉልበታቸውን ዳበሱ። «እኔስ ከሰዓት በኋላ ማን ጋ የምሄድ መሰለህ? ሚስቴ ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው። እስኪመሽ ቤቴ ግድግዳ ነው የማየው። አንተ መጥተህ ማቀዝቀዣ፣ ጨርቅ፣ መጠባበቂያ ስትለኝ…» አልጨረሱትም። «ጊዜውን ሁለታችንም ነን የበላነው። ካሜራህን አቁም።»

«ባለሙያ የለም፣ መብራት የለም። መስታወቱም አልተሸፈነም።»

«ጉልበቴ ለአንድ ትምህርት ይሆናል። ለአሥራ ሁለቱ ድሮም አይሆንም ነበር፤ በጀትህ ላይ እሱን አልጠየቅከኝም።»

እውነት ነው። አርባ ምናምን መስመር ውስጥ የሰውየው ጉልበት አልነበረም።

ካሜራውን አቆመ፣ ማይኩን አሰረ። ጋሽ ቆጣሪ ምልክቱ ላይ ቆሙና ሌንሱን ሳይሆን እሱን አዩት።

«ጫማህን አውልቅ።»

«እኔ?»

«ሌንሱ አይደክመውም ብዬሃለሁ። ከኋላው ቁም፣ ጭንቅላትህ ከካሜራው በላይ ይሁን። እየሠራህ።»

ተከራክሮ ነበር። ካሜራውን ማን ይቆጣጠራል፣ ምስሉ ከቦታው ቢወጣስ። ከዚያ ጫማውን አወለቀ። በካልሲ፣ በቢሮ ሱሪ፣ ካሜራው ጀርባ ቆመ። ጋሽ ቆጣሪ መቁጠር ጀመሩ።

ቆጠራው አልጠፋም። አንገት፣ ትከሻ፣ ወገብ፤ ድምፃቸው አዳራሹን ሞላው። «አንተ፣ ትከሻህን ዝቅ» ይሉታል። «እስትንፋስህን አትያዝ፣ ማንም አይወስድብህም።» «ወለሉን አትይ፣ የወደቀ ነገር የለም።» አሥራ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ቁጭ ብድግ መጣ። አርባ ሊሞላው ሁለት ዓመት የቀረው፣ ዘመኑን ወንበር ላይ የጨረሰ ሰው ነው፤ በሦስተኛው ዙር ጭኑ ተንቀጠቀጠ። አራት ላይ የሱሪው ስፌት ከኋላው ተተረተረ። ስድስት ላይ ወረደና መነሳት አቃተው፤ በእጁ ወለሉን ያዘ።

«ሰባት…» አሉ ጋሽ ቆጣሪ።

ጠበቁ። የቀለም መሸጫው መቀላቀያ ማሽን ከታች ሲያጓራ፣ ሲቆም ተሰማ። እሱ ቀና ብሎ አያቸው። ሰውየው ዓይኑን ነበር የሚያዩት፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አይደለም። አልተቻኮሉም፣ በርታም አላሉትም። በራሳቸው የታመመ ጉልበት፣ በግማሽ ታጥፈው፣ ቆይተውለታል።  እግሩን ሰበሰበ፣ ተነሳ።

«ስምንት» አሉ።

በማግስቱ ማለዳ ልጃቸው መጥታ ወሰደቻቸው። እሱ ሻንጣቸውን ወደ መኪናው አወረደ። ከመግባታቸው በፊት እጁን ያዙና፣ «ያቺ አሥር በመቶ» አሉ። «ለሚቀጥለው ከፍ አድርጋት።» መኪናው መታጠፊያው ላይ ወረፋ ይዞ ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ ሄደ።

ምስሉን ክፍሉ ውስጥ ሲያየው እንደ ፈራው ሆኖ አገኘው። ብርሃኑ ከአንድ ጎን ብቻ ነው። ከጋሽ ቆጣሪ በስተጀርባ ባለው መስታወት ውስጥ ካሜራው ይታያል፤ ከካሜራው በላይም በካልሲ የቆመ፣ ሸሚዙ የወጣ፣ የሚያለከልክ ሰው። ሰባት ላይ ያለው ዝምታ አሥራ አንድ ሰከንድ ነው። በተማረበት ደንብ መቆረጥ አለበት፤ ሰው ሦስት ሰከንድ ዝምታ ካየ ቪዲዮው የተበላሸ ይመስለዋል። መቁረጫው ላይ ጣቱን አሳርፎ ቆየ። አልቆረጠውም።

ሰኞ ጠዋት እህቱ ቪዲዮውን አዳራሹ ውስጥ በስክሪን አሳየች። አሥራ አራት ሰዎች መጡ። በሳምንቱ አሥራ አንድ፣ ከዚያ አሥራ አንድ ላይ ቆመ። «ለኪራይ አይበቃም፣ ለመዝጊያም አይበቃም» አለች እህቱ፤ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ጂም በመስኮት እያየች። ታይፒስቷ አልቀረችም። ጋሽ ቆጣሪ «ትከሻህን ዝቅ» ሲሉ ሁሉም ዝቅ ያደርጋሉ አሉ። አንዳንዶቹ መስታወቱ ውስጥ ያለውን ሰው እያዩ በሱ ይጽናናሉ፤ ከሱ አንሰን አንገኝም እያሉ። እሱ ግን ጠዋት አይገባም፤ ራሱን በሰው ፊት ማየት አልቻለም። አስመጪው ሌላ በጀት ላክ ብሎት ነበር፣ ለሌላ አሠልጣኝ። ጀምሮ መጠባበቂያ የሚለው መስመር ላይ ቆሟል።

ስምንት ሰዓት ላይ ነው የሚመጣው፣ ጭር ባለው ሰዓት። አግዳሚው ባዶ ነው። ስክሪኑን ይከፍታል፣ ጫማውን ያወልቃል፣ ይሠራል። ወሩ ሲሞላ ጉልበቱ ጠነከረ፤ ስድስት ላይ ወርዶ ያለ እጅ ይነሳል።

«ሰባት…» ይላሉ ጋሽ ቆጣሪ ከስክሪኑ ላይ፤ ዓይናቸው ዓይኑ ላይ ነው።

እሱ ቆሟል። ከሥር የቀለሙ ማሽን ያጓራል፤ የቪዲዮው ይሁን የዛሬው አይለይም። ስክሪኑ ላይ ባለው መስታወት ውስጥ ያ ወለሉን በእጁ የያዘው ሰውዬ ገና አልተነሳም። ሁለቱም፣ እሱና ጋሽ ቆጣሪ፣ ቆመው ይጠብቁታል።